ከምዝገባው በፊት፦ ለአማራ ክልል ሥራና ሥልጠና ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ክልል ሥራና ሥልጠና ቢሮ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች
ለክልሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ዲኖችና መምህራን
ግልባጭ፦ ዘንድሮ ልጆቻችሁን ኮሌጅ ለምታስመዘግቡ ወላጆች

ጉዳዩ፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የቢሮውን ሥራ እየለወጠ ባለበት ጊዜ ልጆቻችንን ለየትኛው ሥራ እንደምናሠለጥናቸው

ባለፈው ሳምንት ከደሴ አቅራቢያ ካለችው ከኩታበር የመጣች አንዲት ልጅ የ12ኛ ክፍል ውጤቷንና የቀበሌ መታወቂያዋን ፎቶ ኮፒ ልታስደርግ ሱቄ ገባች። ወረቀቶቹን በፌስታል ጠቅልላ፣ ፌስታሉንም በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነበር የያዘቻቸው። ኮሌጅ ልትመዘገብ ነው፤ የመረጠችው ሙያ የጽሕፈትና የቢሮ አስተዳደር ነው። ኮፒውን ሰጥቻት ሒሳቡን ከከፈለች በኋላ ወዲያው አልወጣችም። ኮምፒውተሮቹን፣ ማተሚያውን፣ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን የንግድ ፈቃድ ሳይቀር ስታይ ቆየችና፣ «እትዬ፣ ስመረቅ እርስዎ ዘንድ ሥራ አገኝ ይሆን?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። «በርቺ ልጄ» ብዬ ሸኘኋት። ማታ ቤቴ ገብቼ ስተኛ ግን ያ «በርቺ» እንቅልፍ ነሳኝ፤ እውነቱን እያወቅሁ ያልነገርኳት መስሎ ተሰማኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእሷ መስጠት የነበረብኝን መልስ ለእናንተ ለመስጠት ነው። ልጅቷ ያየቻት ወንበር፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ የተቀመጥኩባት ወንበር፣ እሷ ተመርቃ ስትመጣ አትጠብቃትም ብዬ እሰጋለሁ። ይህንን ደግሞ ከመመዝገቧ በፊት የሚነግራት ሰው የለም።

እኔ ደሴ የተወለድኩ፣ በጽሕፈት ሙያ ልጆች ያሳደግሁ ሴት ነኝ። ሙያውን የተማርኩት በ1985 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ላይ ፊደሉ እንደ ዛሬው ሙሉ ሆኖ አይወጣም ነበር። አንዱን ፊደል ከመታን በኋላ ቅጥያውን ለብቻው እየመታን ነበር ካዕቡንና ሣልሱን የምንሠራው። ለማባዣ በሚሆነው የሰም ወረቀት፣ በስቴንስል፣ ስንመታ ደግሞ አንድ ስሕተት ገጹን ሁሉ ያበላሸዋል። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን መኪና ላይ ለማስቀመጥ የደከሙትን ድካም እጃችን ያውቀው ነበር። ቆይቶ ኮምፒውተር መጣ። «ታይፒስት አለቀላት» ተባለ። አላለቀልንም። ሦስት ወር ተምረን ተሻገርን፤ የጣታችን ፍጥነት አብሮን ተሻገረ፤ ጭራሽ ሥራው በዛ። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን፣ ባለጉዳዩ ማመልከቻውን፣ ዕድሩ ደንቡን ይዞ ይሰለፍ ጀመር። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ሱቄ ተዘርፎ ባዶ ግድግዳ ሆኖ ጠበቀኝ። በብድር እንደገና ቆምኩ። በዚያ ዓመት እንኳ ሥራ አላጣሁም፤ ሰነዱ የጠፋበት ሰው ሁሉ እንደገና ማስጻፍ ነበረበትና።

ይህን ታሪክ የማነሣው ለውጥ የማያስፈራኝ ሰው መሆኔን እንድታውቁልኝ ነው። አሁን የመጣው ግን ከዚያ የተለየ ነው። ኮምፒውተሩ የቀየረው የምንመታበትን ዕቃ ነበር። ጽሑፉን የሚያስበው፣ የሚያቀናብረው፣ «ክቡር ሆይ» ብሎ ጀምሮ «ከታላቅ አክብሮት ጋር» ብሎ የሚዘጋው ሰው ነበር። አሁን ይህንኑ ስልኩ ይሠራዋል። የጉግል ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር አገልግሎት አማርኛን የጨመረው በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ነበር፤ ያኔ ብዙም አላስጨነቀንም፣ ስሕተቱ ይበዛ ነበርና። ጽሑፍ የሚያዘጋጁት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች፣ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ፣ ከመጡ ወዲህ ባሉት ዓመታት ግን አማርኛቸው በየጊዜው እየተሻሻለ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ወጣቱ ደብዳቤውን ስልኩ ላይ አስጽፎ ይመጣል፤ እኔ የማትምለት ብቻ ነው። የሕትመት ገቢና የጽሕፈት ገቢ ልዩነታቸው የትየለሌ ነው።

ሦስት ልጆች ቀጥሬ አሠራ ነበር። አሁን የቀረችው አንዲት ናት። አንዷ አግብታ ሄደች፤ በእሷ ቦታ ሰው አልተካሁም። ሌላዋን ግን ያሰናበትኳት ራሴ ነኝ። ስድስት ዓመት አብራኝ ሠርታለች፤ የሱቁን ቁልፍ የምትይዘው እሷ ነበረች። የሚገባትን ከፍዬ፣ ተላቅሰን ተለያየን። ዛሬ ሸዋ በር አካባቢ ሻይና ብስኩት ትሸጣለች። ሥራ ክቡር ነው፤ ሻይ መሸጥ አያሳፍርም። ስድስት ዓመት የተማረችው ግን ሜዳ ላይ ቀረ።

የዚህች ልጅ ከሥራ መውጣት በየትኛውም መዝገብ ላይ አይገኝም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አዲስ ቴክኖሎጂ በማስገባት ምክንያት የሥራ ውል ሊቋረጥ እንደሚችል በአንቀጽ 28 አስቀምጧል። የሠራተኛ ቅነሳን በተመለከተም በአንቀጽ 29 ሥርዓት አበጅቶለታል፤ አሠሪው ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር ይመካከራል፣ ለተቀነሰው ሠራተኛም ከመደበኛው የስንብት ክፍያ በላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርለታል። ደግ ሕግ ነው። ነገር ግን ቅነሳ የሚባለው ቢያንስ ከሠራተኞቹ አሥር በመቶውን፣ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ደግሞ ቢያንስ አምስት ሰው ሲነካ ነው። በስሌት ካየነው ከሦስት አንዷ ከአሥር በመቶ በላይ ናት፤ ሦስት ሰው የሚሠራበትን ሱቅ ግን ሕጉ ሲወጣ ማንም አላሰበውም። ደሴ፣ ጎንደር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ወልድያ፣ ባሕር ዳር ውስጥ የጽሕፈት ሥራ ያለው ግን እንዲህ ባለ ሱቅ ነው። ከእያንዳንዱ ሱቅ አንድ ሰው ሲወጣ ማንም «ቅነሳ» አይለውም። ውኃ እያሳሳቀ እንደሚወስደው ነው።

አንዳንድ ጊዜ በስብሰባ ላይ «ይህ ነገር የሚያሰጋው ፈረንጆቹን ነው፤ የእኛ ሕዝብ ገበሬ ነው» ሲባል እሰማለሁ። ቁጥሩን ብቻ ላየ ሰው እውነት ይመስላል። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በዝቅተኛ ገቢ አገሮች በማሽን ለመተካት ሊጋለጥ ይችላል ያለው ሥራ ከጠቅላላው 0.4 በመቶውን ብቻ ነው፤ በሀብታሞቹ አገሮች 5.5 በመቶ ነው። ነገር ግን ያው ጥናት ከሁሉም ሥራ ይበልጥ የተጋለጠው የቢሮ ጽሕፈትና የመዝገብ ሥራ መሆኑን፣ ከወንዶች ይልቅም ሴቶች በእጥፍ እንደሚጎዱ ይናገራል። እንግዲህ 0.4 በመቶዋን ገልጣችሁ እዩአት። ማን ነው ያለባት? ደቦ የወጣው ገበሬ አይደለም። ከገበሬው ቤት ወጥታ ለመጀመሪያ ጊዜ ደመወዝ የምትባል ነገር እጇ የገባች ልጅ ናት። ጸሐፊዋ፣ መዝገብ ቤቷ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ፣ መረጃ አስገቢዋ፣ የስልክ መልስ ሰጪዋ ናቸው። በእኛ ክልል የገጠር ልጅ ከእርሻ ወደ ደመወዝ የምትወጣበት በር ጠባብ ነው፤ አሁን የሚዘጋው እሱ ነው። ቁጥሩ ትንሽ የሆነው በሩ መጀመሪያውንም ጠባብ ስለነበረ ነው።

ወደ በሩ የሚጎርፈው ልጅ ደግሞ እየበዛ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። ከቀሩት መካከል ማካካሻ ተምሮ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ አለ። ለብዙዎቹ ግን የቀረው መንገድ ቴክኒክና ሙያ ነው። ስለዚህ እናንተ በአንድ ኮሌጅ በር ላይ የምትለጥፏት የሙያ ዝርዝር ለዚህ ሁሉ ልጅ ዕጣ ናት ማለት ይቻላል። ልጁ የሚመርጠው ከዝርዝሩ ነው፤ ዝርዝሩን የሚያምነው መንግሥት ስለለጠፈው ነው። ወላጅም በግ ሸጦ፣ እህል ሸጦ የሚልከው በዚያው እምነት ነው።

በቅርቡ አንድ ኮሌጅ ሄጄ የጽሕፈት ሠልጣኞችን ክፍል አየሁ። ስሙን አልጠራም፤ መምህሯ ያላትን ሁሉ ሰጥታ ታስተምራለች። ልጆቹ በደቂቃ ስንት ቃል እንደሚመቱ በሰዓት ይለካሉ። እኔም በ1985 እንዲሁ ነበር የተለካሁት። መምህሯን፣ «ስልኩ የጻፈውን ማረም፣ የቱ ጋ እንደሚሳሳት ማወቅ ታስተምሯቸዋላችሁ?» ስላት፣ «እትዬ፣ የብቃት ምዘናው ላይ የለም፤ ምዘናው ላይ የሌለውን ባስተምር ይወድቁብኛል» አለችኝ። ልክ ናት። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ምዘናው ከተቀየረ እሷ በአንድ ወር ትቀይረዋለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ታዲያ የጽሕፈት ሙያ ይዘጋ ትያለሽ?» ብትሉኝ አልልም። ለምን እንደማልል በአንድ ሰው ጉዳይ ላሳያችሁ።

ክረምቱ ሳይወጣ አንዲት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። ባለቤታቸው በጥር 2012 ዓ.ም. አርፈዋል፤ የእርሻ ይዞታቸው ላይ ከወንድም ጋር ክርክር ተነሥቷል። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ስልኩ ላይ ቁጭ ብሎ ማመልከቻውን አስጽፏል። እንዳትም ሰጠኝ። አነበብኩት። እውነት ለመናገር አማርኛው ያማረ ነው፤ አንድ ፊደል አልተሳሳተም፣ አንቀጹ ተሰድሯል። እኔ ራሴ ስጽፍ እንደዚያ አይሰደርልኝም። ግን ሦስት ቦታ ላይ እጄ ቆመ።

መጀመሪያ፣ «የመሬት ባለቤትነቴ እንዲረጋገጥልኝ» ይላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አርሶ አደሩ ያለው ይዞታ ነው፣ የመጠቀም መብት ነው። በክልላችን የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 ሰው የሚከራከረው በይዞታ መብት ነው፣ እጃቸው ላይ ያለው አረንጓዴ ደብተርም የይዞታ ማረጋገጫ ነው የሚባለው። «ባለቤትነት» ብሎ የሚጠይቅ ማመልከቻ ሕጉ የማይሰጠውን ነገር ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ ጥር 2012ን ስልኩ የፈረንጅ ዘመን አድርጎ ቆጥሮት «ከ13 ዓመት በፊት በሞት የተለዩኝ» ብሎ ጽፏል። ሰውየው ካረፉ ያኔ ስድስት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜ ገደብ፣ በዓመት በሚቆጠርበት ክርክር ይህ ቀልድ አይደለም፤ ተከራካሪው ወገን «በራሷ አፍ 13 ዓመት ብላለች» ቢል ማን ያስጥላቸዋል? ሦስተኛ፣ እሳቸው ያልተናገሩትን፣ «ተደጋጋሚ የሽምግልና ጥረት ተደርጎ ባለመሳካቱ» የሚል ዓረፍተ ነገር ከራሱ ጨምሯል። ጠየቅኋቸው። «ኧረ ልጄ፣ ሽማግሌ ገና አልላክንም፤ ልንልክ ነው» አሉኝ።

ተቀመጥን፤ አንድ ሰዓት ፈጀብን። ከራሳቸው አንደበት እየሰማሁ አስተካከልኩት። መጨረሻ ላይ «ሽማግሌው ይቅደም» ብለው ማመልከቻውን ሳያስገቡት ሄዱ። የከፈሉኝ ግን የአንድ ገጽ ሕትመት ዋጋ ነው፤ ለማረም ዋጋ አልተቆረጠለትማ። ሥራው አለ፣ ያውም ከባድ ሥራ ነው፤ ስም ግን የለውም፣ የምስክር ወረቀት የለውም፣ ዋጋም የለውም።

እኔ «ይዞታ»ን ከ«ባለቤትነት» የለየሁት ከየት ነው? ሕግ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ይቀመጡ የነበሩ አንድ ራፖር ጸሐፊ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማረው። በቃል ያጽፉኛል፣ እኔ እመታለሁ። ስሳሳት በእርሳስ ራሴን መታ አድርገው «በዚህች ቃል ሰው ያሸንፋል፣ በዚህችው ቃል ሰው ይሸነፋል» ይሉኝ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ገጽ ከመታሁ በኋላ ነው ቃሉ በደሜ የገባው። አሁን ያን ሺህ ገጽ ስልኩ ይሠራዋል። ታዲያ የስልኩን ስሕተት የምታይ ልጅ ከየት ትምጣ? ዛሬ እኔ አለሁ፣ እንደኔ ያሉ ሌሎችም አሉ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ማን አለ? ጀማሪ የሚማርበት ቀላሉ ሥራ ሲጠፋ፣ የአዋቂነቱ ደረጃ ከሥሩ ተቆረጠ ማለት ነው። ከገቢዬ መቀነስ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ቢሮው ካልያዘው በቀር ደግሞ ማንም ነጋዴ ብቻውን አይፈታውም። እኔ ራሴ ሁለት ዓመት እያስተማርኩ ደመወዝ የምከፍልበት አቅም የለኝም።

ነገሩ በጽሕፈት ብቻ አይቆምም፤ እኔ ቅርብ ስለሆነብኝ ነው የዘረዘርኩት። ብድርን ውሰዱ። ድሮ የአብቁተ፣ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ የብድር ሠራተኛ በእግሩ ቀበሌ ለቀበሌ እየዞረ ማን ታማኝ እንደሆነ በጎረቤት ጠይቆ ያበድር ነበር፤ አብቁተ ዛሬ ፀደይ ባንክ ሆኗል። ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ቴሌብር መላ በተባለው የስልክ ብድር ማንም ሳያየን ስልካችን ብድር ይፈቅድልናል ወይም ይከለክለናል። ለተበዳሪው ፈጣን ነው፤ እኔም ተጠቅሜበታለሁ። የብድር ባለሙያ ለመሆን ሒሳብ አያያዝ የምትማር ልጅ ግን ይህን ማወቅ አለባት። በኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ላይ ያሉት እኅቶቻችን ጉዳይ ሌላ ነው። ጨርቅ ይጨማደዳል፣ ይንሸራተታል፤ ማሽን በቀላሉ አይገራውም። የእነሱ ሥራ የተናጋው ኢትዮጵያ ከ2014 ጀምሮ ከአጎዋ፣ ዕቃን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከመላክ ዕድል፣ ስትወጣ እንጂ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አልነበረም። ሁሉንም ክፉ ነገር ለማሽኑ መስጠት አልፈልግም።

እንዲያውም የሚጠቅምበትን ቦታ በደንብ አውቃለሁ። ወንድሜ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነው። ቀኑን ግማሽ የሚያጠፋው ሪፖርት በመጻፍ ነው፤ የማዳበሪያ ዝርዝር፣ የተሳታፊ ዝርዝር፣ የሳምንት፣ የወር። ሪፖርቱን ማሽን ቢሠራለት ወደ ማሳው ይመለሳል፤ የተማረውም ለዚያ ነው። ገበሬውም ማሽን ሲናገር ለመስማት አዲስ አይደለም፤ በ8028 ደውሎ የግብርና ምክር በአማርኛ መስማት ከጀመረ አሥር ዓመት አልፎታል። እዚህ ላይ የሰው ሥራ አይጠፋም፤ የተሰወረው ሥራ ይገለጣል። ለልማት ሠራተኞች የሚሰጠውን ሥልጠና በዚህ በኩል ብትጀምሩት ማንም አይከሳችሁም፣ ብዙ ሰው ያመሰግናችኋል።

«አዲስ ሥራ ይፈጠራል» ለሚለውም ተስፋ አንድ ነገር ልበል። አማርኛን ለማሽን የሚያስተምር ሰው እንደሚፈለግ አውቃለሁ፤ ድምፅ የሚሰማ፣ ጽሑፍ የሚያርም፣ ትክክሉን ከስሕተቱ የሚለይ። የእኛ ልጆች ለዚህ ማንም አያህላቸውም። ግን ሥራ ሁሉ ሥራ አይደለም። ኬንያ ናይሮቢ ላይ ለፌስቡክ የአማርኛ፣ የትግርኛና የኦሮምኛ ጽሑፍና ምስል ሲያጣሩ የነበሩ ወጣቶች ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ጭካኔ ሲያዩ ውለው፣ በ2015 ከሥራ ሲሰናበቱ ፍርድ ቤት ሄደው ለመክሰስ ተገደዋል። እንዲህ ያለ ሥራ ወደ ክልላችን ሲመጣ፣ መምጣቱም አይቀርም፣ ውሉን፣ የክፍያ ወለሉንና የጤና ጥበቃውን ቀድማችሁ ብትይዙት ይሻላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን።

አገር አቀፍ ነገር እየተሠራ መሆኑን አልክድም። አዲስ አበባ ላይ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት አለ፤ በሰኔ 2016 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ብሔራዊ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖሊሲውን አጽድቋል፤ በሐምሌው ደግሞ የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ የዲጂታል ክህሎት ሥልጠና ተጀምሯል። ሥልጠናው ነፃ ነው፤ ልጄ ወስዳዋለች፣ ጠቅሟታል። ልጄ ግን ከተማ ያደገች፣ እንግሊዝኛ የምታነብ ናት። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ በኢንተርኔት ነው። የኩታበሯ ልጅ እንግሊዝኛውን አትከተለውም። ኢንተርኔቱንማ ምን ብዬ ልንገራችሁ፤ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ሲቆይ፣ በስልኩ ከሩቅ ሥራ ይሠራ የነበረ ወጣት ሁሉ ደንበኛው ጥሎት ሄዷል። ሌላው ዓለም ከእነዚህ ማሽኖች ጋር በተዋወቀበት ወራት የእኛ ልጆች ጨለማ ውስጥ ነበሩ። ያንን ጊዜ ማካካስ ከፈለግን የክልሉ ሥልጠና በአማርኛ፣ በአካል፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥም በማይቋረጥ መንገድ መሰጠት አለበት።

የምጠይቃችሁን በግልጽ ልናገር። የዘንድሮው ምዝገባ ሳይዘጋ እያንዳንዱ ኮሌጅ በር ላይ፣ ከሙያው ዝርዝር ጎን፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት በዚያ ሙያ ከተመረቁት ስንቱ በሙያቸው እንደተቀጠሩ ይለጠፍ። ተመራቂዎቻችሁን መከታተል የራሳችሁ ሥራ ነው፤ ውጤቱን ልጆቹም ይዩት። ከዚህ በላይ ሐቀኛ ምክር የለም። ውድም አይደለም፤ አንድ ገጽ ወረቀት ነው፣ እኔ በነፃ አትምላችኋለሁ።

ሁለተኛው የምዘናው ነገር ነው። የጽሕፈትና የቢሮ አስተዳደር ሙያ ምዘና ፍጥነት መለካቱን ይቀንስና ማረምን ይለካ። ለተመዛኟ ማሽን የጻፈው ማመልከቻ ይሰጣት፤ የተሳሳተ ዘመን፣ የተሳሳተ የሕግ ቃል፣ ባለጉዳዩ ያልተናገረው ነገር ይኑርበት። ፈልጋ ታውጣው። ባለጉዳይ አስቀምጣም ጠይቃ ትጻፍ። የሰውን ጉዳይ ማዳመጥ ሙያ ነው፤ እስካሁን ማንም አስተምሮት አያውቅም። ይህንን ያወቀች ልጅ በፍርድ ቤት፣ በመሬት አስተዳደር፣ በሆስፒታል መዝገብ ቤት ትፈለጋለች። የሰውን ምስጢርም አብራ ትማር። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ እኛ ጸሐፊዎች ግን የባለጉዳይን የሕመም ማስረጃ፣ የፍቺ ወረቀት፣ የልጅ ስም ሳይቀር ስልክ ላይ እየጫንን «አስተካክልልኝ» እንላለን። እኔም አድርጌዋለሁ፤ የት እንደሚሄድ ማንም አልነገረኝም ነበር።

ከሁሉ የምለምናችሁ ግን የሥራ ላይ ልምምዱን ነው። ተማሪዎች በትብብር ሥልጠና ወደ ድርጅት ይላካሉ፤ ጥሩ ሥርዓት ነው። ብዙ ጊዜ የሚላኩት ግን ወደ ትልልቅ መሥሪያ ቤት ነው፤ እዚያ ሻይ ያመላልሳሉ፣ ወረቀት ይሰፋሉ፣ ፊርማ ይዘው ይመለሳሉ። ወደ እኛ ላኳቸው። በየከተማው ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠራን ጸሐፊዎች፣ ራፖር ጸሐፊዎች፣ ጡረታ የወጡ መዝገብ ቤት ሠራተኞች አለን። ሥራችን እየቀነሰ ነው፤ የምናውቀው ግን አልቀነሰም። ለአንድ ልጅ የስድስት ወር የኪስ ገንዘብ ብትመድቡ፣ እኔ ያ ራፖር ጸሐፊ ያስተማሩኝን አስተምራታለሁ። ክፍያ አልጠይቅም። እኔን የመሰሉ ሌሎች አራት ሰዎች ደሴ ውስጥ አነጋግሬ ፈቃደኛ ሆነዋል።

በመጨረሻም ከሦስትና ከአራት ሠራተኛ ሱቆች የሚወጡትን ልጆች ቁጠሯቸው። ዓመት ጠብቆ የሚመጣ ጥናት አይደለም የምለው። የንግድ ፈቃድ ልናሳድስ ስንመጣ «ዘንድሮ ስንት ሰው ቀጠርሽ፣ ስንት ሰው አሰናበትሽ፣ ለምን?» ብላችሁ ጠይቁን። አንድ መስመር ከንግድ ቢሮው ቅጽ ላይ ጨምሩ። እኔ በበኩሌ የየዕለቱን የጽሕፈት ገጽ ብዛት ከ2008 ጀምሮ የመዘገብኩበት ደብተር አለኝ፤ የተዘረፈው ኮምፒውተሩ ነው፣ ደብተሩ ቤት ነበር። መቼ ማሽቆልቆል እንደጀመረ ወሩን ጭምር ያሳያል። ከፈለጋችሁት አመጣዋለሁ።

የኩታበሯን ልጅ ስልክ ቁጥር ይዣለሁ፤ ፎቶ ኮፒዋን ስትወስድ አንድ ገጽ ረስታ ነበርና ለዚያ ጽፋልኝ ነው። ገጹን ልትወስድ ዓርብ ትመጣለች። ምን ልበላት? ከዓርብ በፊት የምትነግሩኝ ነገር ካለ፣ ሱቄ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ክፍት ነው።

ከአክብሮት ጋር
የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት ባለቤት
ደሴ